ታንኳ ላይ ብድግ ያልኩ ዕለት

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ማምሻ፣ ሊሰናበቱኝ የመጡ ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተውት ሳለ አባቴ ከውጭ ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልን። «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ» አሉ። ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ እኔ እሳቸው እስኪቀመጡ ቆሜ ጠበቅሁ። ይህችን ያዙልኝ።

በዲቪ ላስ ቬጋስ ስደርስ የተቀበሉኝ የአባቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ጋሽ ከበደ ናቸው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል የተሰደዱ ሰው ናቸው። ስፕሪንግ ቫሊ ካለው ቤታቸው አንድ ክፍል ሰጡኝ። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ፤ እዚህ ዳውንታውን ካዚኖ ውስጥ ሴኩሪቲ ነኝ። ሺፍት ጨርሼ፣ ያ ምድጃ የመሰለ ሙቀት ፊቴን ለብልቦኝ ስገባ፣ ጋሽ ከበደ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግተው ስለ ሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ፊልም ያያሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነው።

«ዓይኔ ሳይጠፋ ያንን ውሃ ልየው» ይሉኛል። «ቬጋስ ያየሁት ውሃ ሆቴል በር ላይ በሙዚቃ የሚዘለውን ብቻ ነው።»

ሚኒሶታ፣ ካናዳ ድንበር አጠገብ፣ ከአስጎብኚ ጋር የአራት ቀን የታንኳ ጉዞ አገኘሁ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ።

«መዋኘት ይችላሉ ወይ ይላል፣ ጋሼ።»

«አዎ በል።»

«አይችሉም እኮ!»

«ምጽዋ ወታደር ነበርኩ በላቸው።»

«ዋኝተው ያውቃሉ?»

«ባሕሩን አይቼዋለሁ!»

በሥራ ዘመኔ ያላጣራሁትን ወሬ አስተላልፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ እኔም ዋና ሳልችል፣ ለሁለታችንም «አዎ» ብዬ ላክሁ። ልጃቸው ማርታ ኤርፖርት ስታደርሰን «አባዬን በሰላም መልስልኝ፣ አደራ» አለችኝ።

አስጎብኚያችን ሊንዳ ገና ሐይቁ ዳር ሁለት ነገር አስጠነቀቀችን። ታንኳ ላይ አትቁሙ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ተሻለው አትበሉ፤ ፍሩ።

ጋሽ ከበደ ከሊንዳ ጋር ተሳፈሩ፤ እኔ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር። ውሃው ወፍራም ሻይ ይመስላል፤ ሊንዳ ከረግረጉ ዕፅዋት የሚወጣ ቀለም ነው አለች። ቢቨር የሚባል የውሃ እንስሳ በጥርሱ የጣለውን ግንድ አሳየችን። እኔ የማየው የታንኳውን ጠርዝ ነበር። ከውሃው የሚበልጠው በአንድ ስንዝር ነው።

በሁለተኛው ቀን እነሱ ቀድመው ወጡ። ሐይቁ መሐል ስንደርስባቸው፣ ሉን የምትባል ወፍ ጫጩቷን አዝላ ስትንሳፈፍ ልታሳየን ሊንዳ ታንኳዋን አስጠጋች። ጋሽ ከበደ የእኛን ጠርዝ ያዙና «እንዴት አደራችሁ?» አሉ።

ብድግ አልኩ። ሳላስብ ነው። ታላቅ ሰው መጣ፣ ተነሣሁ።

ታንኳችን ሲገለበጥ እሳቸውንም ጎትቶ ጣላቸው። ቅዝቃዜው ደረቴን ጨምድዶ ያዘው፤ አየር አልገባ አለኝ። መጀመሪያ ኮፍያቸው ብቻ ተንሳፈፈ። ከዚያ በላይፍ ጃኬታቸው ብቅ አሉ፣ ዓይናቸው ፈጦ።

«ማን ተነሥልኝ አለህ?» አሉኝ እያሳላቸው።

ሊንዳ ገመድ ወርውራ ሦስታችንንም ወደ ዳር ጎተተችን። እርጥብ ልብሳቸውን አውልቀን መኝታ ከረጢት ውስጥ ከተትናቸው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ያንን ድምፅ እንደ ዜና እከታተል ነበር። ድንገት ቆመ። የሊንዳ ፊት ተለወጠ።

«ግባ! ደረትህን ጀርባቸው ላይ ለጥፍ!»

ገባሁ። ገላቸው የደብረ ብርሃን የሐምሌ ድንጋይ ነው። የሰው ሬሳ አይቼ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ የዘገብኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን «ጋሼ» ማለት አቃተኝ። የማርታ አደራና ያ «አዎ» ብቻ ነበሩ ጭንቅላቴ ውስጥ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ትከሻቸው አንዴ ነዘር አለ። ደግሞ ነዘር አለ። መላ ሰውነታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

«ለአባትህ እንዳትነግረው» አሉኝ ቆይተው። «ምጽዋ ዋኘሁ ብዬዋለሁ።»

አልነገርኩም። እሑድ እሑድ ቤት እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን ለአባቴ ስታቀብል ሁልጊዜ ከወንበሬ እነሣለሁ፤ ወንበሩ ሲንሻተት ይሰማቸዋል። ባለፈው እሑድ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ድምፃቸው ሲመጣ፣ ታንኳ ላይ እንዳለ ሰው፣ አልተነሣሁም።

«በእግዚአብሔር፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ እንደ ልማዳቸው።

«እሺ አባባ» አልኩ፣ እንደተቀመጥኩ።