ከመድረኩ አጠገብ ያለው በር

ቤተ ክርስቲያናችን ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው መንገድ ላይ የተከራየነው አዳራሽ ነው። ቀድሞ ሶፋና አልጋ ይሸጥበት ነበር። ቤቱን የሠራው ሰው አንድ ቀን እዚህ ቃል ይሰበካል ብሎ ከየት ያስብ፤ ሽንት ቤቱን ዛሬ መድረካችን ካለበት አጠገብ አደረገው። በስብከት መካከል የቸኮለ ሰው በሰባኪው ፊት አልፎ፣ ጉባኤው ሁሉ እያየው ነው የሚገባው። ግድግዳውም ስስ ስለሆነ ውሃው ሲለቀቅ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ልጆች ይሄዳሉ፣ እርጉዞችም ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ግን አይሄዱም።

ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ቦታው የፊተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጥግ ነው። ከሰዓት በኋላ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ ያመላልሳል፤ ጠዋቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። ረቡዕ ጠዋት የማታ ሠራተኞች ጸሎት አለ፣ ቅዳሜ የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ እሑድ ደግሞ ዋናው ፕሮግራም። ከአንዱም ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሐኪም ልቡ መድከሙን ነገረን። ከሰጡት መድኃኒቶች አንዷ ጠዋት ጠዋት የምትዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች፤ ትርፉን ውሃ በሽንት የምታስወጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዋጣት በኋላ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከሽንት ቤት አይወጣም ነበር። «ፍራሽ ላንጥፍልህ እዚያው?» እያልኩ እስቅበት ነበር። የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ በተከፋፈለችው ሳጥን የምሞላው እኔ ነኝ። ጠዋት ሥራ ስለምገባ ሲውጥ አላየውም፤ ማታ ስመለስ የዕለቱ ክፍል ባዶ ከሆነ ልቤ ያርፋል።

በጋው ሲገባ ጫማው ጠበበው። ብዙ መንዳት ነው አልኩ። አልጋ ላይ መተኛት ትቶ ሳሎን ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ ማደር ጀመረ። የኤሲው ቅዝቃዜ እዚያ ይሻላል ብሎ ነው አልኩ። ከመኪናው እስከ በራችን ሲደርስ የሚያለከልከው ደግሞ በሙቀቱ ነዋ! በዚህ ከተማ ራስህን ቢያምህም፣ እግርህን ቢያምህም፣ መልሱ «ውሃ ጠጣ» ነው። እኔም ጠርሙስ ይዤ በየክፍሉ ተከተልኩት። ሐኪሙ ውሃም በልክ ይሁን ማለቱን ሰምቼ ነበር፤ ግን እዚህ በሐምሌ ሐሩር ሰው በረሃ መሃል ተቀምጦ ውሃ ይከለከላል እንዴ ብዬ እንዳልሰማሁ አለፍኩት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ለመዝጊያው ጸሎት ሁሉም ሲነሣ እሱ አልተነሣም። ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል ከሦስተኛው ረድፍ አየሁትና ሮጥኩ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ትንሽ... አየር...» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ወንድሞች እጃቸውን ጭነው መጸለይ ጀመሩ፤ አንዱ እንደ እኔው ውሃ ይዞ መጣ።

«እናንተ ጸልዩ፣ እኔ ልንዳ» አልኩ።

ማንም አልተቀየመኝም። ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡት። መንገድ ላይ «ቤት ውሰጂኝ... ጋደም ልበል» ይለኛል። «ጋደም ማለት እኮ ነው ያቃተህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ስፈራ እጮኻለሁ፤ የዚያን ቀን ደግሞ ሆስፒታል እስክንደርስ አላቋረጥኩም።

ድንገተኛ ክፍል ቀና አድርገው አስቀምጠው የአየር ጭንብል አደረጉለት። ሐኪሟ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። ልጃችን እዚሁ ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲዋ በርራ ደረሰች። እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ እንደነገሩ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ከማንም ይልቅ የገባኝ የእሷ ነው።

«ማሚ፣ ልቡ ዊክ ነው። ውሃው ወደ ኋላ ሄዶ ሳንባው ውስጥ ገባ። ያ ዋተር ፒል፣ ነጩ ክኒን አለ አይደል? አሁን እሱን በአይቪ፣ በደም ሥሩ ሰጡት፣ በጣም ስትሮንግ። ፒ ካደረገ፣ ከሸና ደህና ይሆናል።»

ሃያ ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድቻለሁ። የፍሳሹ ቱቦ ሲደፈን ውሃው ተመልሶ ገንዳው ውስጥ እንደሚሞላ እኔ ካልገባኝ ማን ይገባዋል?

ነርሷ ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ መሽኛ አልጋው ላይ አንጠለጠለችና እያንዳንዷ ጠብታ እንደምትለካ ነገረችን። ባለቤቴ ዕቃውን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ምንም የለም። ነርሷ መጥታ ጠየቀች፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በውስጤ «ጌታ ሆይ፣ ውሃውን አስወጣው» እላለሁ፤ በሕይወቴ ለሰው ሽንት የጸለይኩት ያኔ ነው። ኋላ ሳየው ጉልበቶቹን ግጥም አድርጎ ገጥሟል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል። ለካ ይዞት ኖሯል!

«ልጅቷን... አስወጪልኝ» አለ ከጭንብሉ ሥር። ልጃችን ወጣች፣ ነርሷ መጋረጃውን ሳበች።

«አንቺም።»

«እኔ የትም አልሄድም! ሃያ ዓመት የማላውቀውን ሰው ሽንት ቤት ሳጸዳ ኖሬ ያንተን ነው የምጸየፈው?»

ዕቃውን ያዝኩለት፤ ለክብሩ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ሰማሁት። ሲጀምር ቀስ ብሎ፣ ከዚያ የማያቆም እስኪመስለኝ ድረስ። ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ።

ነርሷ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችና «ስድስት መቶ ሚሊ! ጉድ ጃብ!» አለችው፤ ጎበዝ ማለቷ ነው።

እሷ ስትወጣ ባለቤቴ «ለሽንት ጉድ ጃብ ይባላል?» አለኝ። ተቆጥቷል። እኔ ግን ቁጣው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው የገረመኝ፤ ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃው ሦስት ጊዜ ሞልቶ ተደፋ። ጭንብሉ ወርዶ አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ ብቻ ቀረ። ሐኪሟ ተመልሳ መጥታ ክኒኑን ያቋረጠበት ጊዜ እንዳለ ጠየቀች። «አንድም ቀን! ሳጥኑን የምሞላው እኔ ነኝ» አልኩ በኩራት፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። ባለቤቴ ጣሪያውን ያያል።

የመኪናውን ቁልፍ ስፈልግ ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን የባለቤቴን ኮት የውስጥ ኪስ ዳበስኩ። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር እጄ ገባ። ስፈታው ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ናቸው፤ አንድ እፍኝ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበ።

«እኮ ምንድን ነው?»

«የፕሮግራም ቀን... ሲያልቅ እውጠዋለሁ ብዬ ኪሴ እከተዋለሁ። ከዚያ ሰው ይይዘኛል፣ ሥራ ይደርሳል፣ እረሳዋለሁ።»

«ለምን ታዲያ አልጣልካቸውም?»

«መድኃኒት እንዴት ይጣላል?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእኔው ሰውዬ በሽታውን ተናግሮ መድኃኒቱን ደበቀ። «በቃሉ መካከል ተነሥቼ፣ ያን ሁሉ ሰው አልፌ እንዴት ልግባ?» አለኝ። «ቃሉን የሰጠህ አምላክ ፊኛም ሰጥቶሃል!» ብዬ ስጮኽ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው በሽተኛ ማሳል አቆመ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ያለውን ትቼ በላይ በላዩ ውሃ ያጠጣሁት ትዝ አለኝ፤ ነገርኩት። ሊሞት ይችል ነበር፤ ሁለታችንም ተረዳድተን ልንገድለው ነበር።

«እኔ ደፈንኩት፣ አንቺ ሞላሽው» አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል አላስከተለም።

በአራተኛው ቀን ቤታችን ገባን። ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ታየ፤ እንደ ጠፋ ዕቃ ደጋግሜ ዳበስኩት። በዚያች ሌሊት አልጋችን ላይ ጋደም ብሎ አደረ። አሁን በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የሚጠጣውም ውሃ በልክ ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ቁርስ ላይ ክኒኗን ፊቴ ዋጣት፤ አላምንህም ስለው ምላሱን ሁሉ አሳየኝ። «ዛሬ ከኋላ በሩ ጋ እንቀመጥ፣ ማንም ሳያይህ ወጥተህ ጎን ያለው ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ትገባለህ» አልኩት።

«ቦታዬ እዚያ ነው» አለኝ።

እዚያው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከስብከቱ አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ዓይኔ ማጅራቱ ላይ ነበር። እግሩን አነባበረ፣ መልሶ ዘረጋ። መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። እንደገና ሊይዘው ነው ብዬ የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ ቀረሁ።

ከዚያ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ሰባኪው ከሆስፒታል መውጣቱን ያውቃልና ለምስክርነት የተነሣ መስሎት ስብከቱን አቁሞ፣ ፈገግ ብሎ ማይክራፎኑን ዘረጋለት። ባለቤቴ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ አለ፣ አለፈውና በሩን ከፍቶ ገባ።

ሰባኪው ማይክራፎኑን እንደያዘ ቆመ። በዚያ ስስ ግድግዳ ውስጥ ውሃው ሲለቀቅ ሁላችንም ሰማነው።

«አሜን!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሰዎች ዞረው አዩኝ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት እናት «አሜን» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ በመተላለፊያው ቀስ እያሉ መጥተው በሩ እስኪከፈት መድረኩ ሥር ቆመው ጠበቁ።