በቀለም ጠብታ የተለካሁ ዕለት

ወረቀት ላይ ቀለም ፈስሶ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ከደቅ ደሴት መጥተው በጣና ዳር ከተማችን ግሽ አባይ ሰፈር የተቀመጡ የብራና ጸሐፊ ናቸው፤ ቤታችን ጥላሸትና የፍየል ቆዳ ይሸት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በመቃ ብዕር ፊደል እለማመድ ነበር። ክረምት ሲገባ አንድ ገጽ ብራና ላይ እንድጽፍ ቃል ስለገቡልኝ ሰኔን የምጠብቀው እንደ ፋሲካ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት አጥኚ የልጆችን ብልህነት ሊለካ ትምህርት ቤታችን መጣ። በየተራ እያስገባ ቀለም ፈስሶባቸው መሐል ለመሐል የታጠፉ ካርዶች ያሳየናል። ጓደኛዬ ሰላም ከጣና የወጣች ጉማሬ ከነልጇ አየሁ ብላ ተመሰገነች። እኔም ተራዬ ደረሰ።

«ምን ይታይሻል?»

«ቀለም ፈስሶበታል።»

«ሌላስ?»

«ሳይደርቅ አጥፈውታል። በቢላ ይፋቅ።»

በእኛ ቤት ጠብታ ጠብታ ነው። ብራና ላይ ቀለም የጣለ ሰው ይፍቃል እንጂ ጉማሬ መሰለኝ ብሎ አያደንቅም! ለሁሉም ካርድ ያንኑ መለስሁና የአባቴ ልጅ መሆኔ የታወቀልኝ መስሎኝ ኮርቼ ወጣሁ።

አጥኚው አባቴን አስጠርቶ፣ «መሪጌታ፣ ልጅዎ ጨዋ ናት፤ አእምሮዋ ግን ትንሽ ዘገምተኛ ነው፤ ባያስጨንቋት» አላቸው። በቅኔ ሊቃውንቱን ሁሉ የሚሞግቱት አባቴ የዚያን ወጣት ቃል እጅ ነስተው ተቀበሉ። የተማረ ነዋ! ቤት ስንገባ ብዕሩን ከእጄ ወሰዱና፣ «አትድከሚ ልጄ፤ እግዜር ለሁሉም የየራሱን ሰጥቷል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱ መጥቶ ሲያልፍ ብራናው ላይ አንዲት ፊደል አልጻፍሁም።

ኋላ አንደኛ ስወጣም፣ መሐንዲስ ሆኜ ስመረቅም፣ «ወይ ልፋት! አእምሮ ሳያግዛት እኮ ነው» እያሉ ለጎረቤት አለቀሱ። በቀለም ጠብታ ብልህነት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ባስረዳቸው፣ «አይክፋሽ የኔ ልጅ» ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ንዴቴን የት ልውሰደው?

ያኔ እስከ ደጃችን ይደርስ የነበረው የጣና ነፋስ ዛሬ በፎቅ ተጋርዷል፤ አባቴም አርጅተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ ብራና ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ባለፈው የጻፈችውን ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩና፣ ወደ እኔ ዞረው ከልባቸው ጠየቁኝ።

«ይቺስ ብሩህ ናት። በማን ወጥታ ይሆን?»