ለአንዲት የማውቃት ሴት

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ልጄ ቤቴልሔም ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እህቴ ቤት እንደተኛች ትቻት ሄድኩ፤ ብቀሰቅሳት ኖሮ መሄድ አልችልም ነበር። እኛ አገር በዚያ ወር በሹራብ ላይ ጋቢ ይደረባል፤ ጁባ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን ገረፈኝ። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ምግብ አልኩት። «ለመሆኑ ያላንቺ ምን ስንበላ ኖርን?» ብሎ ማህተሙን መታልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሙኑኪ በሚባል ሰፈር ግቢ ተከራይቼ ምግብ ቤት ከፈትኩ። አከራዬ ለሁሉም ነገር «ማፊ ሙሽኪላ» ይላል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ጣሪያው ሲያፈስም፣ ውኃ ሲጠፋም ያው ነው። ሐኪሙ የጡቴ እባጭ ካንሰር መሆኑን፣ አጥንቴ ድረስ መዛመቱንም የነገረኝ ዕለት በር ላይ ፊቴን አይቶ «ማማ፣ ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ።

ቤቴልሔም አሁን አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ለዚህ ያደረሳት ይመስገን። የምታጠናው ካንሰር ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚዛመት ነው። ድሮ ከሞተች ሴት ዕጢ የተወሰዱ ሴሎችን በሳህን ያራባሉ። ሳህኑ ሲሞላ መሃሉን ይጭሩትና ሴሎቹ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሻገሩ በማይክሮስኮፕ ይከታተላሉ። በቀደም አንድ መድኃኒት ሲጨምሩበት መሻገራቸውን እንዳቆሙ በደስታ ደውላ ነገረችኝ።

መታመሜን አልነገርኳትም፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ግን መድኃኒት የሚለውን ስሰማ አላስቻለኝም።

«ለአንዲት የማውቃት ሴት ላኪልኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ሳህን ላይ ነው። ሰው ላይ ለመሞከር እንኳ ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል።»

«አጥንቷ ደርሷል።»

አጥንት ከደረሰ ማቆያ እንጂ ማዳኛ እንደሌለው ስለ ሥራዋ እንደምታወራው ረጋ ብላ ነገረችኝ። ልጅ እንዳላትም ጠየቀችኝ። አንዲት አለቻት አልኩ።

«ታሳዝናለች። በይ ክርስትና ስሟን ንገሪኝ፤ እሑድ ሳስቀድስ ለቄሱ ሰጥቼ በጸሎት አሳስባታለሁ።»

ወለተ ሥላሴ ብላት የኔው ስም መሆኑን ታውቃለች። ሌላ ስም እንዳልሰጣት፣ በእግዚአብሔር ፊት በሚጠራ ስም እንዴት ይዋሻል? ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ተቋረጠ እንዴ?»

«የለም፣ አለሁ» አልኳት።