ሹፌሩ ያጠጣው ቁጥቋጦ

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው አረፈደ። እንዲህ ባለ ቀን የሚሰጣ አንሶላ የለምና ልብስ አጣቢዋ ከሆቴሉ ቀደም ብላ ወጣች። የግቢዋን በር ገፋ ስታደርግ ባሏን አገኘችው። ጃኬቱን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከበረሃ ያመጣላት ቁጥቋጦ የተተከለበትን የዘይት ጣሳ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሥር ደቅኖታል።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"የሰማይ ውሃ ይስማማው እንደሆነ ብዬ ነው" አለ፤ ዓይኑን ግን አሸሸ።

እሷ ገብታ ሻይ ጣደች።

ሰውዬው ከባድ መኪና ነጂ ነው። ከወደብ ይጭናል፣ በረሃውን ያቋርጣል፣ እግሩን አጥቦ አረፍ ሳይል ደግሞ ይሄዳል። ልጆቻቸው ያደጉት "አባባ መጣ" እና "አባባ ሄደ" ሲሉ ነው። እሷ ይህን ከለመደችው ቆይታለች። ባለፈው ዓመት ግን መሪ ላይ አንቀላፍቶ መኪናው ከአስፋልት ከወጣ ወዲህ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። "በቃህ፣ ቤትህ ተቀመጥ" እያለች ነዘነዘችው። ቤት መዋል ለእሱ እስር ቤት ነው። ንዝንዙ ሲሰለቸው አንድ ቀን ይህን አመድ የመሰለ፣ ግንዱ ያበጠ ነገር ይዞላት መጣ።

"ይሄ ያበበ ቀን የመኪናውን ቁልፍ አስረክቤ ጎንሽ እቀመጣለሁ። በልጆቼ ይሁንብኝ።"

"መቼ ነው የሚያብበው?"

"አንቺ ብቻ ጥላ ውስጥ አኑሪው፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጪው።"

አጠጣችው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፣ ግንዱ ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ ለሰለሰ። አሳዘናትና ጨመረችለት።

ያን ዝናባማ ቀን፣ ሻዩ እስኪፈላ፣ ባሏ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራው ወሬ ትዝ አላት። "የነቀልኩበት ቦታ ድንጋይ ብቻ ነው። ጥላ የለ፣ ውሃ የለ፤ ፀሐዩ ጎማ ያቀልጣል። እሱ እቴ፣ ሮዝ አበባውን ለብሶ እንደ ሙሽራ ተኮፍሷል።" ወሬው እስከዚያ ቀን በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነበር የኖረው።

እሱ መንገድ እንደ ወጣ ቁጥቋጦውን ነቀለችው። የበሰበሰውን ሥር ቆርጣ ቁስሉ እስኪደርቅ አጥር ላይ አሰጣችው። ከዚያ ከሚሠራ ሕንፃ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ለምና፣ ቂጡ የተበሳ ባልዲ ውስጥ ተከለችውና የሆቴሉ ሰገነት ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ አኖረችው። ጣሳው ውስጥ ደግሞ ከቦይ ዳር የነቀለችውን፣ ቁጥቋጦውን የሚመስል አመድማ አረም ተከለች።

"እኔ የምልሽ እህቴ፣ ባልሽን ነው የምታታልዪው ዛፉን?" አለቻት የሆቴሉ ልብስ ተኳሽ።

"ዛፉንስ እውነቱን ነግሬዋለሁ።"

ሹፌሩ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ጫማውን ሳያወልቅ ጣሳው ዘንድ ሄዶ "አይዞህ" እያለ ያጠጣዋል። አረሙ የቦይ ልጅ ነውና ውሃውን እየጠጣ ደነደነ።

"ይሄ ነገር ወፈረሳ" አለ ሰውዬው ትንሽ ደንገጥ ብሎ።

"እጅህ በረከት አለው" አለችው።

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ "ና እስቲ አንሶላ አሸክመኝ" ብላ ሰገነት ላይ አወጣችው። አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ባልዲው ታየ። ቁጥቋጦው ቅጠል እንኳ ሳያወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮዝ አበባ ለብሷል።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

"ግንዱን እየው።"

ጎንበስ ሲል፣ መኪናው ላይ ሲጭነው ራሱ ያሰረበትን ሽቦ አገኘው። ግንዱ ወፍሮ ሽቦውን ሊውጠው ደርሷል። ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰ።

"ውሃ እንደማይወድ ማን ነገረሽ?"

"አንተ ነሃ፤ ለእንግዳው ሁሉ።"

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ገመዱ ላይ የቀረውን አንሶላ አወረደና ተሸክሞላት ወረደ። በሳምንቱ ቁልፉን አስረከበ።

አሁን እሷ ከታች ታጥባለች፤ እሱ ከላይ ያሰጣል፣ ያጣጥፋል። የአንሶላ ጥግ ከጥግ ማገናኘት እስከ ዛሬ አልሆነለትም።