አራተኛው ጆሮ

ራጅ ይሏታል። የብየዳ መርማሪ ናት፤ ከባድ ዕቃ በክሬን ከመነሳቱ በፊት፣ መንጠቆ የሚገባባቸው የብረት ጆሮዎች በደንብ መበየዳቸውን ስታይ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ካየችው አብዛኛውን ንቃለች። ከንፈሯን ወደ ግራ ጣል ካደረገች፣ አንዱ በያጅ አፈር ድሜ መብላቱን ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ቀለም ነው። «ሳይታይ የተቀባ ብየዳ ተሸፋፍኖ እንደሚሄድ ሌባ ነው» ትላለች።

የዚያን ዕለት ረፋድ፣ ክሬኑ ሥር የተቀመጠው ዘጠኝ ቶን ቦይለር አራቱም ጆሮዎቹ ቢጫ ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። የበየዳቸው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችውም፣ ሙያውን ያስተማረችውም እሷ ናት። ቦይለሩ ዛሬ ከተነሳ፣ ሥራ አስኪያጁ የበያጆች አለቃ ሊያደርገው ቃል ገብቶለታል። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል።

«ይሄም ተቀብቶ መጣ» አለች ራጅ።

«እታለም፣ በናትሽ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። እጄን ይዘሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ እኮ።»

«የማፍረውም በሱ ነው። ብሩሹን አቀብለኝ።»

ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፋቀችው። ሦስቱ ጆሮዎች ደህና ነበሩ፤ ምስጋና አልወጣትም። ከአራተኛው ጀርባ፣ በቦይለሩ ጎን የታሰረው ቧንቧ ከሚጋርደው ቦታ ግን ነጭ ብናኝ ረገፈ። ስቱኮ! የግድግዳ ስንጥቅ የሚደፈንበት ስቱኮ!

አጸዳችው፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገውን ቀይ ፈሳሽ ነፋችበት፣ ጠበቀች፣ ጠረገችው፣ ከላዩ የሰረገውን ቀይ መልሶ የሚያወጣውን ነጭ ዱቄት ነፋች። ብረት ይደማል ቢባል ማን ያምናል? በነጩ ላይ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ቀይ መስመር ብቅ አለች፤ ከዚያ ክር አከለች፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ፈሰሰች።

«እንግዶች ይመጣሉ፣ ሴትዮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በሦስቱ አንሱት።»

«አንተ ከሥሩ ትቆማለህ?»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ማየት ጀመረ።

«እኔ እቆማለሁ!» አለ ወንድሟ።

«የሚነሳው ድፍረትህ አይደለም፤ ዘጠኝ ቶን ነው። ስቱኮውን ማን ለሰነው?»

«ቧንቧው ከለከለኝ፤ እጄ አልደረሰም።»

«እና ጠርተኸኝ አልደረሰልኝም ማለት አቃተህ?»

«አንቺን?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ድረስ አልደረሰም። «ያንን ከንፈርሽን አይቼ ስንቴ ልሙት?»

ራጅ ጠመኔ አውጥታ ጆሮው ላይ «አይነሳም» ብላ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁም እዚያው ሌላ በያጅ በጣቱ ጠርቶ፣ ትከሻውን አቅፎት ሄደ። ሹመቱ አብሮት ሄደ።

ወንድሟ ቆሞ ቀረ። እሷ ቧንቧው ሥር ገብታ ብሎኖቹን ዳበሰች።

«መጀመሪያ ቧንቧው ይፈታል፣ ከዚያ ነው የሚበየደው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ይሄን አላስተማርኩህም።»

የአዲስ ሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። «ስንት ቁጥር ቁልፍ ላምጣ?»

«አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ሰባት ይዘህ ትመጣና ደግሞ ጉድህን አያለሁ።»