የታናሿ ምንዛሬ

ተኳሽ ነች ሲባል የማያውቋት ሰዎች ደንገጥ ይላሉ። መሣሪያዋ ግን ካውያ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንድሪ ጓዳ፣ በእንፋሎት መሀል ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች። መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ በመጨረሻ ጀርባውን፤ እጇ ስለለመደው ዓይኗን ጨፍናም አትስትም። ቀኝ አንጓዋ ላይ ካውያ የተወው ጠባሳ አለ። ጠንካራ ነች፣ ቀልድ ታውቃለች፣ የሰው ነገር አታመላልስም። አንድ ነገር ብቻ ነበረባት፤ ቅናት። እሱም ቢሆን በሰው ሁሉ ላይ ሳይሆን በአንዲት ታናሽ እህቷ ላይ።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። አባታቸው የሞተ ጊዜ እሷ አሥራ ሰባት፣ ታናሿ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለቱን የሚያስተምር ገንዘብ ስላልነበረ ትልቋ ትምህርቷን ጥላ ሥራ ገባች። ማንም አላስገደዳትም፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ታናሿ ተማረች፣ ተመረቀች፣ አሁን በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀምጣ ትሠራለች። ትልቋን የሚያንገበግባት ያ "ተቀምጣ" የሚለው ነው። "እኔ እግሬ እስኪያብጥ እቆማለሁ፣ እሷ ተቀምጣ ስም ትጽፋለች" ትላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እሷ ግን ዥንጉርጉሩ ሆዱ ሳይሆን ዕድሉ ነው ባይ ነች።

እናታቸው ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ባሕር ማዶ የሚሠራው የበኩር ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት ስለወሰዳቸው እሱ ዘንድ ይኖራሉ። ቤትና ቀለባቸውን እሱ ይችላል፤ የመድኃኒታቸውንና የኪሳቸውን ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው በየወሩ ሁለት ሁለት መቶ ይልካሉ። እኩል እንዲሆን የተስማሙት አንዷ በሌላዋ ላይ እንዳትኮራ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል በሰላም ሄደ።

አንድ ቀን ትልቋ እንደ ልማዷ በአንድ እጇ ካውያ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ደወለች።

"ደረሰሽ፣ እማዬ?"

"ደረሰኝ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"እሺ፣ በይ ደህና ሁኚ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"የታናሽሽም ደርሷል" አሉ እናት ቀስ ብለው። "የእሷ እንዲያውም በርከት ብሎ ነው የመጣው።"

ትልቋ ስልኩን መዝጋቱን ተወች። "እንዴት ነው በርከት የሚለው? ሁለት መቶ ከሁለት መቶ ይበልጣል እንዴ?"

"እኔ እንጃ። ጥሩ ምንዛሬ አግኝታ ይሆናላ። ብልህ አይደለች?"

ብልህ። ቆሽቷ እርር አለ። በስንት መነዘረች? በየትኛው ቀን ላከች? በየት በኩል? ገንዘቡ እጅሽ ሲገባ ስንት ሆነ? እያለች ስትጠይቅ፣ እናትም ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ ሲመልሱ፣ ካውያው አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ተቀምጦ ኮሌታውን ቡናማ አደረገው። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ያቃጠለችው የመጀመሪያው ልብስ ነበር። ዋጋውን ከደመወዟ ቆረጡባት፤ እሷ ግን የሸሚዙን ነገር ከእህቷ ሂሳብ ጋር ደምራ ያዘችው።

እናቷ ተሳስተው ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ሲደምርና ሲቀንስ ያረሙ ሴት በሁለት መቶ ይሳሳታሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ይልቅ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ወደ ከተማው ወጣች። ከቤቷ እስከ ላውንድሪው አራት ገንዘብ የሚያስተላልፉ ቤቶች አሉ። ጠዋት ስትሄድ የአራቱንም የምንዛሬ ሰሌዳ ታነባለች፣ ማታ ስትመለስ ደግማ ታነባለች። ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው ቤት ቁጥሩን በቀይ መብራት ስለሚጽፍ ከመንገድ ማዶ ይታያል፤ ከሁሉም የሚበልጠው የእሱ ነበር። እዚያ ሄዳ ሁለት መቶውን በሦስት ከፍላ፣ ምንዛሬው ከፍ ባለ ቀን ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየላከች አንድ ወር ሠራች። አብሯት የሚሠራው አጣቢ "ባንክ" የሚል ስም አወጣላት። ጠዋት ስትገባ "ባንካችን ከፈተ፣ ገበያው እንዴት አደረ?" ይላታል። እሷም እንደ ዋዛ ትስቅና ቁጥሩን ትነግረዋለች።

በወሩ መጨረሻ ደወለች። እናት "ያንቺማ የዚህ ወር ሳሳ" አሉ።

ያን ጊዜ ነው እህል ውሃ ያላሰኛት። በማግሥቱ ደረሰኞቿን ይዛ ወደ አራተኛው ቤት ገባች። መስኮቱ ላይ የሚሠራው ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ ሠፈሩ መነጽራሙ ነው የሚለው። ደረሰኞቹን ከፊቱ ደርድሮ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ ሦስት ጊዜ ላክሽ፣ ሦስት ጊዜ የአገልግሎት ከፈልሽ። ሰሌዳ ላይ የሰጡሽን በክፍያ መልሰው ወሰዱት።"

"ምንዛሬው ግን ትልቅ ነበር።"

"ሰሌዳውን ተዪው። ሰሌዳ ለመንገደኛ ነው። 'ይህን ያህል ብሰጥህ፣ ሁሉም ነገር ተቀንሶ እዚያ እናቴ እጅ ስንት ይገባል?' ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ አራቱንም ቤት አወዳድሪ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏ ገባት። በመነጽራሙ ምክር ጠየቀች፣ አወዳደረች፣ በአንድ ጊዜ ከእሱ ዘንድ ላከች። እውነትም እስከዛሬ ከላከችው ሁሉ የተሻለ ሆነ። በደስታ ደወለች። የእናቷን ምርቃት ለመስማት የላውንድሪውን ማሽን ሳይቀር አስጠፍታ ነበር።

"ተሻሽሏል፣ ልጄ። ጎበዝ" አሉ እናት። "ታናሽሽ ግን አሁንም ትቀድምሻለች።"

ከዚህ በኋላ የሠራችው ቅናት ያሠራት ነው፤ ራሷም አትክደውም። በአንደኛው ወር አሥራ አምስት ጨመረች። በሁለተኛው ሃያ አምስት። ያን ለመሙላት በዕረፍት ቀኗ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ቤቷ ድረስ እያመጣች ተኮሰች። መጋረጃ ደግሞ እንደ ሸሚዝ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ ማለቂያ የለውም፣ ወገብ ይቆርጣል። ሌሊት ጉልበቷን እያሸች የምታስበው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። የምታስበው እናቷ የእህቷን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሚሞቅ ነበር። ትምህርቱን ወሰደች፣ ወንበሩን ወሰደች፣ የእማዬን ምርቃት እንኳ ትተውልኝ እንጂ። እንዲህ እያለች ትብሰለሰላለች።

እህቷን ፊት ለፊት ለምን አልጠየቀቻትም? መጠየቅ መሸነፍ ስለሆነ ነው። አንድ እሑድ ታናሿ ልትጠይቃት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ነካ አድርጋ አየቻት።

"አንቺ በየት በኩል ነው የምትልኪው?"

ታናሿ ቀና ብላ አየቻት። "በዚያው ነዋ፣ እትዬ። አንቺስ?"

"እኔም በዚያው።"

"ምንዛሬው እንዴት ነው?"

"ያው ነው። ያንቺስ?"

"ያው ነው።"

ትልቋ በልቧ "ትደብቀኛለች፣ ደብቂ፣ እናያለን" አለች። እህቷ ስትወጣ በፈገግታ በር ድረስ ሸኘቻት።

የክሊኒኩ ደመወዝ የሚከፈለው በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ነው። ያን ቀን ትልቋ "ጥርሴን አሞኛል" ብላ ፈቃድ ጠየቀች። የላውንድሪው ባለቤት "ታዲያ ምን ቸገረሽ፣ እህትሽ ክሊኒክ አይደል የምትሠራው?" አላት። "እሷ ጋ ነው የምሄደው" አለች። እንደ ነገሩ ከሆነ አልዋሸችም።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብታ ደብተር የምትመርጥ መሰለች። ታናሿ አሥር ሰዓት ላይ ወጣች። ግራ ቀኝ አየች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና በፍጥነት ተራመደች። ትልቋ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። ምስጢሩ ዛሬ ሊወጣ ነው። የመጀመሪያውን ቤት አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ፣ ቀይ ሰሌዳውንም አለፉ። ታናሿ መነጽራሙ ጋ ገባች። በገዛ መስኮቴ! ትልቋ እርምጃዋን አፈጠነች። ገባችና ከአንድ ረጅም ሰው ኋላ ተሸሽጋ ተሰለፈች፤ ሰውየው ስልክ ተደውሎለት ሲወጣ ከእህቷ ጀርባ ብቻዋን ቀረች። ታናሿ ግን አልዞረችም።

"አንዲት ሴት እዚህ ትልካለች፣ ስትገባ አይቻታለሁ" ትላለች ለመነጽራሙ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። "አንጓዋ ላይ ጠባሳ አለ። ልብስ ተኳሽ ነች። ለእሷ የምትሰጣትን ምንዛሬ ለእኔም ስጠኝ።"

"ምንዛሬ ለሁሉም አንድ ነው፣ እህቴ።"

"አይደለም። እኔ እንኳ በየወሩ እጨምራለሁ፣ የእሷ ግን ሁልጊዜ ከእኔ ይበልጣል። እናቴ ናት የነገረችኝ፤ እናቴ ደግሞ የሂሳብ አስተማሪ ነበረች።"

መነጽራሙ በመነጽሩ አናት ወደ ኋላ አሻግሮ አየ። "እሷኑ ጠይቂያት፣ ከኋላሽ ቆማለች" አለ።

ታናሿ ዞረች። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ወዲያው ደግሞ ቀላ። "እየተከተልሽኝ ነው?"

"አንቺስ ስለ እኔ ምን ትጠይቂያለሽ?"

"ምን ላድርግ? ስትልኪ ያንቺ ነው የሚበዛው፣ ስትሠሪ ያንቺ ነው የሚያምረው። እማዬ 'እንደ እህትሽ ሁኚ' እያለች ነው ያሳደገችኝ። በምንዛሬ እንኳ ልቅደምሽ ብዬ ሀብሌን ሸጥኩ፣ እትዬ።"

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ትልቋን መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም፤ ደስታ ነው። ሲቀናባት ኖሯል፤ እሷም የሚቀኑባት ሰው ኖራለች። ወዲያው በደስታዋ አፈረችና ደረሰኞቿን ከቦርሳዋ አወጣች። ታናሿም አወጣች። መነጽራሙ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። በአንዱ ወር ይቺ በሦስት ትበልጣለች፣ በሌላው ያቺ በአራት። እናታቸው ግን ለትልቋ ታናሽሽ፣ ለታናሿ ታላቅሽ ቀደመችሽ ሲሉ ስድስት ወር ቆይተዋል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ሁለቱ እህቶች ተያዩ።

ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ደወሉ። ትልቋ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ መሀላቸው ያዘችው።

"እማዬ፣ ሁለታችንም አንድ ላይ ነን። ደረሰኞቻችንም እዚሁ አሉ።"

ከዚያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

"እማዬ?"

"አለሁ" አሉ እናት። "እንግዲህ ተያዝኩ።"

"ለምንድን ነው እንደዚህ ያደረግሽን?" አለች ታናሿ። "ገንዘቡ አንሶሽ ከሆነ ንገሪን እንጂ።"

"ገንዘቡማ ተርፎኝ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የጨመራችሁትን አልነካሁትም፣ መልሼ እሰጣችኋለሁ።" አሉ እናት። "ወንድማችሁ ሳይነጋ ይወጣል፣ ከመሸ ይገባል። እኔ የዚህን አገር ሰው ቋንቋ አላውቅ። ስትደውሉ 'ደረሰሽ?' ትሉኛላችሁ፣ 'ደረሰኝ' እላለሁ፣ 'ደህና ሁኚ' ትላላችሁ። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው የታናሽሽ በለጠ አልኩሽና ሠላሳ ስምንት ደቂቃ አወራሽኝ። ስንት ሆነ አልሽ፣ መቼ ደረሰ አልሽ፣ በእግርሽ ነው ሄደሽ የተቀበልሽው አልሽ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በሳምንቱ ለእሷም እንደዚሁ አልኳት። ክፉ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጆቼ።"

ታናሿ በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች። ትልቋም እንባዋ መጣ፤ ሁለት ደቂቃዎቹን ሁሉ አስታወሰቻቸው፤ ካውያው፣ ጥድፊያው፣ "በይ ደህና ሁኚ"ው። ከአንጀቷ አዘነች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እሷስ፣ እማዬ? እሷስ ስንት ደቂቃ አወራችሽ?"

እናት ትንሽ አሰቡ። "እሷማ" አሉ ረጋ ብለው፣ "ሃምሳ ሞላች።"

ትልቋ ድምፅ ማጉያውን አጠፋችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ለእህቷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች።

"እስቲ ንገሪኝ፣ እማዬ" አለች። "ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

ታናሿ ተራዋን ፈልጋ እጅጌዋን ጎተት አደረገቻት። አልሰጠቻትም።