ለደብራችን የላክሁት ሰማያዊ ቀለም

ወይ እኔ! አዋቂ መሆን ያምረኝ ነበርና ጉዴን ልንገራችሁ።

በዘጠናዎቹ ካርቱም፣ ሪያድ ሠፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። የላስታዋ ደብራችን፣ በጥንት ነገሥታት ዘመን ከቋጥኝ የተፈለፈለችው ማርያም፣ ግድግዳዋ በዝናብ እየራሰ መሆኑን የንስሐ አባቴ ጽፈው በሰው እጅ ላኩልኝ። «ልጆቿ እያላችሁ ትበላሽ ወይ?» ይላል ወረቀቱ። አልቅሼ ሞትሁ። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ልጇን የታቀፈች የጥንት እመቤታችን ተሥላለች። እናቴ ለእኔ የምትለምነው ከእሷ ሥር ቆማ ነው። እኔም ፖሊስ «ከሻ» በሚሉት አፈሳ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለንን ሲያፍሰን፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማያት እሷን ብቻ ነበር።

ማዳም በየዓመቱ ለበዓላቸው ቤቱን በዘይት ቀለም ታስቀባለች። የማድቤቱ ግድግዳ ውኃ ቢረጩበት ይወርዳል እንጂ አይሰርግም። «ይኸው መድኃኒቱ!» አልሁ። ማንን ጠየቅሁ? ማንንም። ሱቅ ዐረቢ ከሚሉት ገበያ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ገዝቼ ወደ መተማ ለሚሄድ የአገሬ ሰው አደራ ሰጠሁት። «ግድግዳውን በሙሉ ይቀቡት» ብዬም ጻፍሁ። በሙሉ! እጄን በቆረጠው።

ከወራት በኋላ አባ ከተማ ድረስ ወርደው በቀጠሮ ስልክ ተገናኘን። እኔ ሱቅ ዐረቢ ካለ ስልክ ቤት፣ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ነው የምሰማቸው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! እንደ አዲስ ሆነች እኮ።»

«አባ፣ ሥዕሏስ?»

«የቷ?»

«ልጇን የታቀፈችው።»

«እሷማ ደብዝዛ አልነበር? ‹በሙሉ› ብለሽ የለ፣ ቀባናት። የወረቀት ሥዕል ገዝተን ሌላ ቦታ እንለጥፋለን።»

 የስልክ ቤቱ ሰውዬ «ያላ! ያላ!» ይለኛል፤ ወረፋ አለ። ልጮህ አማረኝ፤ ግን የንስሐ አባት ላይ ይጮኻል? ደግሞስ ትእዛዙ የማን ሆነና!

«ይፋቁት አባ፣ በእመቤቴ! ቀስ ብለው...»

«አይሆንም ልጄ። አንድ ቦታ ተዝረክርኮብን ብንፍቀው ልስኑም አብሮ ረገፈ።»

ለቅሶዬ አመለጠኝ። እሳቸው የተረሳሁ መስሎኝ የከፋኝ መሰላቸውና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አይዞሽ፣ ውለታሽን አልረሳንም። እሷ ከነበረችበት ላይ የክርስትና ስምሽን በቀይ ቀለም አስጽፈናል። እናትሽማ በየማለዳው እየመጣች ትሳለመዋለች።»